የምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸውን ማስተማር በዲግሪ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘርፉን መማር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ዘርፍ በትክክል የሚማሩት ምንድን ነው?

ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ቋንቋው ራሱ ነው፤ መናገሩም፣ አሠራሩን ማጥናቱም። ሁለተኛው ማስተማር ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ማንበብን፣ ሒሳብን፣ ሳይንስን በምን መንገድ እንደሚማር ታጠናላችሁ፤ ከዚያም ክፍል ገብታችሁ ትለማመዳላችሁ። ሦስተኛው ሰዎቹን ማወቅ ነው፤ ታሪካቸውን፣ ባህላቸውን፣ መብታቸውን።

የሦስቱ መጠን ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን በቋንቋ ጥናት ሥር ያደርጉታል። ሌሎች ደግሞ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሥር ያስገቡታል። ስሙ ቢመሳሰልም የሚወጣው ባለሙያ አንድ አይደለም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ቁጭ ብላችሁ እዩት። በአራት ዓመት ውስጥ ያለው የምልክት ቋንቋ ኮርስ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ በደንብ አስቡበት። በዚያ መጠን ሰላምታ ይለመዳል እንጂ ክፍልፋይ ወይም የደም ዝውውር አይተነተንም። ከመምህራኑ መካከል መስማት የተሳናቸው ስንት እንደሆኑም ጠይቁ። እኔ ብሆን ከሕንጻውም ከስሙም በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው።

ምን ብዬ ነው የምጠራቸው?

«መስማት የተሳነው»፣ «መስማት የተሳናት»፣ «መስማት የተሳናቸው»። «ደንቆሮ» አይባልም። ቃሉ በቋንቋችን ውስጥ «የማያውቅ» ወደሚል ስድብ ከተለወጠ ቆይቷል፤ ጆሮ አለመስማቱን ከአለማወቅ ጋር አንድ ያደርገዋል። «ዲዳ»ም ልክ አይደለም። ቋንቋ ያለው ሰው ዲዳ አይባልም፤ የሚናገረው በእጁ ነው።

ግማሽ በግማሽ የሚሰሙ፣ በማዳመጫ መሣሪያ የሚረዱ፣ ካደጉ በኋላ መስማት ያቆሙ ሰዎችም አሉ። ራሳቸውን የሚጠሩበት መንገድ ይለያያል። ጥርጣሬ ከገባችሁ ባለቤቱን መጠየቅ ነው፤ ማንም አይቀየምም።

አንድም ምልክት ሳልችል መጀመር እችላለሁ?

አዎ። ብዙው ተማሪ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ግን ክፍል እስኪከፈት አትጠብቁ። የጣት ፊደሉን ቀድሞ መልመድ በጣም ያግዛል፤ ምልክቱን የማታውቁትን ቃል በፊደል ጽፋችሁ ለመጠየቅ ያስችላችኋል። የጣት ፊደል ግን የቋንቋው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ፊደል ቆጥሮ የምልክት ቋንቋ ቻልኩ ማለት አይቻልም።

የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ የምልክት ቋንቋዎች አሉ። አሜሪካና እንግሊዝ በአንድ የንግግር ቋንቋ ይግባባሉ፤ የምልክት ቋንቋዎቻቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የአሜሪካው የቅርብ ዘመዱ የፈረንሳይ ነው። ምክንያቱ ታሪክ ነው። መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ሎራን ክሌር ከቶማስ ጋላውዴት ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1817 በሃርትፎርድ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቋንቋው የተጓዘው በሰዎቹ መንገድ ነው።

የጣት ፊደሎቹም ይለያያሉ። የአሜሪካው በአንድ እጅ ነው፤ የእንግሊዙ በሁለት። ለግዕዝ ፊደል የተሠራው ደግሞ እጅግ የሚያምር ሐሳብ አለው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን አናባቢ ይናገራል።

ስለዚህ የምትማሩት ወደፊት የምታስተምሯቸው ልጆች የሚናገሩትን ቋንቋ መሆኑን አረጋግጡ። ከኢንተርኔት ቪዲዮ የሚለምዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ምልክት ይዘው ይመጣሉ።

ሰዋስው አለው? ወይስ የምንናገረውን በእጅ መድገም ነው?

ሰዋስው አለው፤ ያውም የራሱ። በ1960 ዊሊያም ስቶኪ የተባለ የእንግሊዝኛ መምህር ምልክት አንድ ድፍን ሥዕል አለመሆኑን አሳየ። ልክ ቃል በድምፆች እንደሚሠራ ሁሉ ምልክትም ከትናንሽ ክፍሎች ይገነባል፤ ከእጅ ቅርጽ፣ ከቦታ፣ ከእንቅስቃሴ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የመዳፍ አቅጣጫንና የፊት ገጽታን ጨመሩ። አንዷን ክፍል መለወጥ ቃሉን ይለውጠዋል። በአሜሪካው ምልክት ቋንቋ የተዘረጋ እጅ አውራ ጣቱ አገጭን ሲነካ «እናት» ነው። ያው እጅ ግንባርን ሲነካ «አባት» ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ቋንቋ አንድ መልካም በር አለው። «ሰጠሁህ» ስንል ሰጪውም ተቀባዩም በአንዲት ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። በብዙ የምልክት ቋንቋዎችም «መስጠት» የሚለው ምልክት ከሰጪው ተነሥቶ ወደ ተቀባዩ ይሄዳል። አቅጣጫው ሲገለበጥ «ሰጠኸኝ» ይሆናል። ተማሪዎቼ ይህን ምሳሌ ሲያዩ ፊታቸው ሲበራ አያለሁ፤ ለዓመታት «የእጅ ጥቅሻ» ይሉት የነበረው ነገር ድንገት ቋንቋ ሆኖ ይታያቸዋል።

ፊትም ሰዋስው ነው። ቅንድብ ከፍ ማለቱ ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ሊያደርገው ይችላል። የአፍ ቅርጽ የነገሩን መጠን ይናገራል። ፊቱን አድርቆ በእጁ ብቻ የሚናገር ተማሪ በአንድ ወጥ ድምፅ ያለ ማቆሚያ እንደሚያነብ ሰው ነው። ጀማሪን በጣም የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ብዙዎቻችን ፊታችንን ሰብስበን እንድንናገር ተደርገን አድገናል።

ለመቻል ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ለሰላምታና ለቀላል ወሬ ወራት ይበቃሉ። ሌላ ትምህርት ለማስተማር ግን ዓመታት ይፈልጋል። ሌላ የውጭ ቋንቋ ለመልመድ ከሚፈጀው ያነሰ አትጠብቁ።

ፍጥነቱን የሚወስነው ከክፍል ውጪ ከሰዎቹ ጋር የምታሳልፉት ጊዜ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሂዱ፤ ማኅበራቸው፣ ስፖርታቸው፣ የአምልኮ ቦታቸው። መጀመሪያ ላይ አንድም ነገር አይገባችሁም። እጅ ይፈጥንባችኋል፤ ዓይን ይደክማል። ለብዙ ተማሪ ከባዱ ምልክት ማሳየት አይደለም፤ የሌላውን ምልክት ማንበብ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን የገባኝ እየመሰልኩ ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር። አንዲት ሴት እጄን ያዝ አድርጋ «ካልገባህ ድገሚልኝ በል» አለችኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ነው በእውነት መማር የጀመርኩት።

መምህር መሆንና አስተርጓሚ መሆን ያው ነው?

አይደለም። አስተርጓሚ የሌላውን ሰው ሐሳብ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያስተላልፋል፤ ምስጢር ይጠብቃል፤ በጉዳዩ አስተያየት አይሰጥም። መምህር ግን ዕቅድ ያወጣል፣ ይመዝናል፣ ያርማል፣ ወላጅ ያነጋግራል። የሚፈልጉት ሥልጠና የተለያየ ነው።

በተግባር ግን ሰው ይቀላቅላቸዋል። የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ሐኪም ቤትም ፖሊስ ጣቢያም ይጠራል። ፍርድ ቤት ውስጥ በስህተት የተተረጎመ አንድ ቃል የሰውን ሕይወት ያበላሻል። በአስተርጓሚነት ካልሠለጠናችሁ «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» ማለት ክፋት አይደለም። ሰውየውን መጠበቅ ነው።

እኔ ራሴ መስማት የተሳነኝ ነኝ። ይህን መማር እችላለሁ?

ትችላላችሁ ብቻ አይደለም፤ ዘርፉ በጣም የሚፈልገው እናንተን ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ፣ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ብዙዎቹ እንደነሱ ሆኖ ያደገ፣ የተማረና ሥራ ያለው ትልቅ ሰው ሳያዩ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። እናንተ በክፍሉ በር ስትገቡ ያ ልጅ የራሱን ነገ ያያል። ይህን ምንም ያህል ጎበዝ የሆነ ሰሚ መምህር ሊሰጠው አይችልም።

አንድሩ ፎስተርን አንሡ። በ11 ዓመቱ በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት ያቆመ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1954 መስማት ለተሳናቸው ከተቋቋመው የአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከጋላውዴት ተመረቀ፤ በ1957 ጋና ገባ። በሕይወት ዘመኑ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች መሥርቷል። የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 24 መንግሥታት የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንን ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩ ያዛል። ስትመዘገቡ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብታችሁን ከዚሁ ጋር አንሡ። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ፤ ትምህርት ከመጀመሩም በፊት ይሁን።

ስለ ጆሮና ስለ ሕክምናውስ እንማራለን?

መሠረቱን ያህል። የመስማት መጠን በዲሲቤል እንዴት እንደሚለካ፣ የምርመራውን ግራፍ ማንበብ፣ የማዳመጫ መሣሪያ ሲበላሽ ማወቅ። መርማሪ ወይም ሐኪም አትሆኑም።

ይህን ሁሉ ታሪክ ለምን ያስተምሩናል?

ዛሬ ክፍል ውስጥ የምታዩት ብዙ ነገር ከዚያ ስለመጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ቄስ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ከፍቶ በምልክት ያስተምር ነበር። ከዚያ የወጡ ተማሪዎች መምህራን ሆኑ። በ1880 ግን ሚላን ላይ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ንግግር ከምልክት ይበልጣል ብሎ ወሰነ። ተሰብሳቢዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሰሙ ነበሩ። ውጤቱ ከባድ ነበር። በብዙ አገሮች ምልክት ከክፍል ተባረረ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራን ሥራ አጡ፤ ልጆች በእጃቸው በመናገራቸው ተቀጡ። የትምህርቱ ሰዓት ድምፅ በማውጣት ልምምድ አለቀ።

በ1988 የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ይሾም ብለው የግቢውን በር ዘግተው ቆሙ። ተቋሙ በ1864 የኮሌጅ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ካገኘ ጀምሮ አንድም መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት አልነበረውም። በሳምንቱ አሸነፉ፤ አይ ኪንግ ጆርዳን ተሾመ። በ2010 ደግሞ ያው የሚላኑ ተከታታይ ጉባኤ ቫንኩቨር ላይ ተሰብስቦ የ1880ውን ውሳኔ እንደማይቀበለው አስታወቀ፤ መጸጸቱንም ገለጸ። 130 ዓመት መሆኑ ነው። ስለ ሰዎቹ ያለ ሰዎቹ መወሰን ምን እንደሚያስከትል መምህር የሚሆን ሰው ማወቅ አለበት።

«ልጁ ምልክት ከለመደ መናገር ይተዋል» ይላሉ። እውነት ነው?

ወላጆች ይህን ጥያቄ በየቀኑ ያመጡላችኋል፤ ስለዚህ መልሱን አሁኑኑ ያዙት። ምልክት ንግግርን አይገድልም። ልጅ ሁለት የንግግር ቋንቋ ይዞ እንደሚያድግ ሁሉ ምልክትና ንግግርም አብረው ያድጋሉ። ከመስማት ከተሳናቸው ወላጆች የተወለዱ የሚሰሙ ልጆች ሁለቱንም እየተናገሩ ያድጋሉ። ምልክት በሚያዩበት ቤት ያሉ ሕፃናት ሌላው ሕፃን «ባ ባ ባ» በሚልበት ዕድሜ በእጃቸው «ይንተባተባሉ»፤ ይህ በ1991 የታተመ ጥናት ያሳየው ነው።

የሚጎዳው ቋንቋ መልመድ አይደለም፤ ያለ ቋንቋ መቆየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዝባቸው ናቸው። «እስቲ መጀመሪያ ንግግሩን እንሞክር፣ ካልሆነ በኋላ ምልክት» የሚለው ምክር እነዚያን ዓመታት ይበላል። በ6 ዓመቱ የራሱን ስም ሳያውቅ የመጣ ልጅ አስተምሬአለሁ። ብሩህ ነበር። የጎደለው ጆሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን ቀላል በሆነ።

ኮክሌር ኢምፕላንት እየተስፋፋ ነው። ሙያው አይጠፋም?

አይጠፋም። መሣሪያው በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ ገብቶ የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። ለብዙ ልጆች በእውነት ጠቅሟል። ነገር ግን የድምፅን መልክ ይሰጣል እንጂ እንደ ማንኛውም ጆሮ መስማትን አይመልስም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ረጅም ሥልጠና ይጠይቃል። የውጪው ክፍል ሲወልቅ፣ ባትሪ ሲያልቅ፣ ጫጫታ ሲበዛ ልጁ ይቸገራል። ውጤቱም ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ለማን ምን ያህል እንደሚሠራ አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

መሣሪያ የተደረገለት ልጅም ምልክት ቢያውቅ ምንም አያጣም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከሁለት አንዱን ምረጡ ብሎ ወላጅን ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም። መምህሩ ለመሣሪያውም ለምልክቱም ዝግጁ ይሁን።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ማንበብና መጻፍ ለምን ይከብዳቸዋል?

የዘርፉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ሰሚ ልጅ ማንበብ ሲጀምር ቋንቋውን ቀድሞ ያውቀዋል። ፊደሉ የሚያውቀውን ድምፅ ይወክልለታል፤ «በግ» የሚለውን ሲያነብ ከአፉ የሚያውቀውን ቃል ያገኛል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን በማያውቀው ቋንቋ እንዲያነብ ነው የሚጠየቀው። ሰምቶት የማያውቀውን ቋንቋ ከወረቀት ላይ መማር አለበት።

«ከንፈር ያንብብ» የሚሉ አሉ። መስተዋት ፊት ቆማችሁ ያለ ድምፅ «ገባ» እና «ቀባ» በሉ። ልዩነቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ከንፈር ላይ አይታይም። «በላ» እና «መላ»ም ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ከንፈር ማንበብ የሚጠቅመው ቋንቋውን ቀድሞ ለሚያውቅና የጎደለውን በግምት ለሚሞላ ሰው ነው።

ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት በሁለት ቋንቋ ማስተማርን ነው። ልጁ በምልክት ቋንቋ ያስባል፣ ይጠይቃል፣ ይረዳል፤ የጽሑፉን ቋንቋ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይማራል። ክፍል ውስጥ ሲታይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ታሪኩን በምልክት ትነግሩታላችሁ። እሱም በምልክት መልሶ ይነግራችኋል። ከዚያ ጽሑፉን ታወጣላችሁ፤ ይህ ዓረፍተ ነገር በምልክት እንዲህ ነው፣ በጽሑፍ ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ገባ እያላችሁ ሁለቱን ታነጻጽራላችሁ። «የ»፣ «ለ»፣ «ን» የሚሉት ትናንሾቹ ነገሮች ለብቻቸው ትምህርት ይፈልጋሉ። መልመጃ ደብተሩ ላይ ቅደም ተከተሉ የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገር ስታዩ «ሰነፍ» አትበሉት። ብዙ ጊዜ የምልክት ቋንቋውን ሰዋስው በጽሑፍ አምጥቶት ነው። ስህተቱ ራሱ ልጁ ሌላ ቋንቋ እንዳለው ይናገራል። በምልክት ቋንቋ የበረቱ ልጆች በንባብም የተሻሉ መሆናቸው በተደጋጋሚ ታይቷል።

ልዩ ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ ከሚሰሙ ልጆች ጋር አብሮ መማር?

«አካቶ ትምህርት» ጥሩ ቃል ነው፤ ልብም ይማርካል። ግን መስማት የተሳነውን ልጅ 50 ሰሚዎች መካከል ብቻውን አስቀምጦ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየተናገረ ከሆነ ይህ ማካተት አይደለም። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ትምህርቱ ግን አልደረሰውም። በእረፍት ሰዓትም የሚያወራው ሰው የለውም።

ልጆች ሲሰባሰቡ ምን እንደሚፈጠር መካከለኛው አሜሪካ ያለችው ኒካራጓ አሳይታለች። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ መስማት የተሳናቸው ልጆች በብዛት በአንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። መምህራኑ ምልክት አላስተማሯቸውም። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ፤ ትንንሾቹ እየተቀበሉ አበለጸጉት። ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤት ዓይነት ስትጠየቁ እናንተም መልሳችሁ ጠይቁ። በቋንቋው የሚያወራው ጓደኛ አለው? በቋንቋው የሚያስተምረው ሰው አለ? ሁለቱም ካሉ የሕንጻው ስም አያሳስብም። ከሌሉ ግን የትኛውም ስም አያድነውም።

የክፍሉ አቀማመጥም ትምህርት ነው። ወንበሮች በግማሽ ክብ ይደረደሩ፤ ሁሉም ሁሉን ይይ። መምህሩ መስኮትን ከኋላው አድርጎ አይቁም፤ ብርሃኑ ፊቱንና እጁን ያጠፋዋል። ሥዕል ካሳያችሁ ዝም በሉ፤ ልጁ ሥዕሉንም እጃችሁንም በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ዓይኑ ሲመለስ ቀጥሉ።

እኔ ሰሚ ነኝ። በዚህ ሥራ በእውነት ቦታ አለኝ? ቦታቸውን እየወሰድኩ አይደለም?

ይህን የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው ለሥራው የሚሆን ሰው ነው። ቦታ አለ። የሚያስፈልገው የመምህር ቁጥር ካለው በእጅጉ ይበልጣል። ከሰሚ ወላጆች ጋር መነጋገርም ለእናንተ ይቀልላል፤ የነሱን ድንጋጤ ታውቁታላችሁ።

ቦታው ግን ከመሃል መድረኩ ላይ አይደለም። ስለ ቋንቋው ጥያቄ ሲነሣ የቋንቋው ባለቤት ይመልስ። አዲስ ምልክት ከራሳችሁ አትፍጠሩ፤ ተማሪዎቻችሁንና መስማት የተሳናቸውን ባልደረቦቻችሁን ጠይቁ። እነሱ ባሉበት ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰሚ ጋር ስታወሩም ምልክት ተጠቀሙ። መስማት የተሳነው አንድ ባልደረባዬ በዚህ ነገር አርሞኛል። ሻይ እየጠጣን ከሌላ ሰሚ መምህር ጋር በአፋችን ስናወራ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አደረገና «እኔም እዚህ አለሁ» አለን።